ከልጅ ልጄ ያስቀሩት ቃል

ስለ ልጅ ልጄ ትዳር ሰው በጠየቀኝ ቁጥር «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው» ብዬ አሳጥሬ አልፋለሁ። ገበያ መሃል ቆሜ ረጅም ነገር ማውራት አልወድም። እዚህ ግን አላሳጥርም። ወረቀቱ የኔ ነው፣ እስክሪብቶውም የኔ ነው፣ የተናደድኩትም እኔ ነኝ።

ልጅቱ የሟቹ የትንሹ ልጄ ልጅ ናት። ሦስት ዓመት ሳይሞላት ማጅራት ገትር ያዛት። ነፍሷ ተረፈች፣ ጆሮዋ ግን አልተመለሰም። አባቷ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም፣ ሞተ። እናቷ ሌላ ባል አግብታ ሄደች። እኔ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ባለችው ቤቴ አሳደግኋት።

ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ፣ እሷ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እያለች፣ «ይቺ ምስኪን ምን ትወዳለች?» ብሎ እኔን ይጠይቀኛል።

«ራሷን ጠይቃት» እለዋለሁ።

«እንዴት አድርጌ?»

«እንደ ሰው አድርገህ!»

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። እሷ መስማት ለተሳናቸው ልጆች በተከፈተው ክፍል ትምህርት ስትጀምር ግን ከኋላ ወንበር ላይ አብሬያት ተቀመጥኩ። መምህርቷ በመጀመሪያው ቀን «እማማ፣ እርስዎ ያድርሷትና ይመለሱ» አለችኝ።

«ቤት ስትመጣ ከግድግዳው ጋር ልታወራ ነው?» አልኳት። ተወችኝ። ሁለት ዓመት ከሕፃናት ጋር ተቀምጬ በእጅ ማውራት ተማርኩ። ጣቶቼን ሪህ ስለሚይዛቸው ይንተባተባሉ። የልጅ ልጄ «እንደ ሰካራም ነው የምታወሪው» እያለች ትስቅብኛለች። ይሁን። ሰካራምም ቢሆን ይናገራል።

አድጋ ኮምቦልቻ ካሉት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ ሽመና ክፍል ገባች። ጠዋት በሰርቪስ ቁልቁል ትወርዳለች፣ ማታ ሽቅብ ትመለሳለች። የሽመና ክፍል ማሽኖች አንዴ ከተነሱ ሰው የራሱን ጩኸት እንኳ አይሰማም። ስለዚህ እዚያ የሚሠሩት ሁሉ የሚግባቡት በእጅና በከንፈር ነው። ክር ሲበጠስ እንዲህ፣ ፈረቃ ሲያልቅ እንዲህ፣ አለቃው ሲመጣ እንዲህ። የልጅ ልጄ የመጀመሪያውን ቀን ውላ ስትመለስ ዓይኗ እያበራ፣ «አያቴ፣ እዚያ ሁሉም እንደኔ ናቸው። ግን ቋንቋቸው ገና የሕፃን ነው» አለችኝ በእጇ።

ከነዚያ ሕፃናት አንዱ ማሽን የሚጠግነው ልጅ ነበር። የቢስቲማ ገበሬ ልጅ ነው፣ ጆሮው ደህና ነው። የክፍሉ የእጅ ምልክት ሃያ ወይ ሠላሳ ቢሆን ነው። እሱ ግን አልበቃው አለ። በሻይ ሰዓት እየመጣ «ይሄስ ምን ይባላል? ያስ?» ይላታል። ያስተማረችውን መጸዳጃ ቤት መስታወት ፊት ቆሞ ሲለማመድ የሥራ ባልደረቦቹ አግኝተውት፣ ልጁ አበደ ተብሎ ለሳምንት ተወራበት። እሷ ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፣ ሳቋን አይቼ ነገሩ ገባኝ።

«ይወድሻል?» አልኳት።

«መጀመሪያ ይማር» አለችኝ።

ተማረ። ከዓመት በላይ ፈጅቶበት ተማረ። አንድ ጁምዓ ሙዝ ተሸክሞ ቤቴ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ መጀመሪያ ለሷ በእጁ ሰላምታ ሰጠ፣ ከዚያ ወደኔ ዞሮ «አሰላሙ አለይኩም እማማ» አለ። ከኔ ጋር ሲያወራም እጁ አያርፍም ነበር። እኔ ስለ ዝናቡ አንዲት ቃል ብናገር እንኳ ለሷ ያደርሳታል። በዚህ ቤት ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያወራ እሷ የሰው አፍ እያየች ነው የኖረችው። ያን ቀን የሰው አፍ አላየችም። ልጁን የወደድኩት ለዚህ ነው። በኋላ ይቅር ያላልኩትም ለዚሁ ነው።

ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሰዎች ከቢስቲማ መጡ። በኛ በኩል የተቀመጠው ታላቁ ልጄ ነበር። አባቷ ስለሌለ ወሊዩዋ እሱ ነው፣ ኒካሁን የሚያስረው እሱ ነው። በኛ ወግ ሽማግሌ ሲነጋገር ልጅቱ ጓዳ ናት። እኔ «ትቀመጣለች» አልኩ።

«እማ፣ ተይ እንጂ፣ ነውር ነው» አለኝ ልጄ።

«የሚወራው ስለሷ አይደለም? ወይስ ስለ በሬ ነው?»

ተቀመጠች፣ ከጎኔ፣ በሩ አጠገብ። ልጁም ያለ ወጉ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጥቶ ነበር። ማን ይተርጉምላት ሲባል ሁላችንም አንድ ላይ «ልጁ አለ አይደል!» አልን። እኔም ብያለሁ። ይህን አልደብቅም። የኔ እጅ ቀርፋፋ ነው፣ የሱ ፈጣን ነው፣ ደግሞ የሚያገባት እሱ ነው፣ ከሱ በላይ ማን ይታመናል ብዬ ነው። ለገዢና ለሻጭ አንድ ሰው መስፈሪያ እንዲይዝ አድርገን ቁጭ አልን።

ወሬው ደህና ሄደ። ስለ ዘር ተጠያየቁ፣ ለሷ ስለሚሰጣት መህር ተስማሙ፣ ልጁም ሁሉንም እያደረሰላት ነው። ከዚያ ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ጉሮሮውን ጠራርጎ እንዲህ አለ፦ «እናቱ አንድ ነገር አደራ ብላናለች። ልጅቱ እንግዲህ አላህ እንዲህ አድርጎ ፈጥሯታል። ሕፃን ቢያለቅስ አትሰማም። ስለዚህ አላህ ዘር ሲሰጣቸው፣ ልጁ ከአራስ ቤት እንደወጣ ቢስቲማ እናቱ ዘንድ ይምጣ። ትምህርት ቤት እስኪገባ እዚያው ይደግ። ለሷም ዕረፍት ነው።»

ታላቁ ልጄ «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ አላህ ይስጣት» አለ። ወላሂ፣ እንዲህ አለ! ጥጃ ከላም እንደሚለይ ሰው ቀለል አድርጎ።

እኔ የልጁን እጅ ነበር የማየው። ሽማግሌው ያን ሁሉ ሲናገር የልጁ እጅ የተንቀሳቀሰው ሦስቴ ነው። «እናቴ። ዘር። ዱዓ።» የልጅ ልጄም ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ሽማግሌዎቹም አዩዋት። «ይኸው፣ ፈቀደች» አሉ።

«ምን አልካት?» አልኩት ልጁን።

«ነግሬያታለሁ፣ እማማ።»

አፌን ልከፍት ስል ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ዱዓ መሃል አይጮህም ብዬ ዋጥኩት። ዕድሜ ልኬን ዝም ያላልኩ ሴትዮ፣ ያን ቀን ዝም አልኩ። እሷም ከጎኔ፣ በምን ላይ እንደሆነ ሳታውቅ፣ «አሚን» ለማለት መዳፏን ዘርግታ ነበር።

እንግዶቹ በባጃጅ እንደሄዱ አስቀምጬ ነገርኳት። ጣቴ እምቢ እያለኝ ደጋግሜ ነገርኳት። አንድ ቃል አላስቀረሁም፣ የልጄንም «ጥሩ ሐሳብ ነው» ጭምር። ፊቷ ምንም አልሆነም። መጨረሻ ላይ «እሱ እያወቀ?» አለችኝ።

«እያወቀ።»

ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«እናቴ ስትሄድ ለሕክምና ነው የሄደችው፣ ትመጣለች አልሽኝ። ልብስ ሰፊው ቤት ሥራ ስጠይቅ ቦታው ተይዟል አልሽኝ። ሰውዬው ምን እንዳለ ከንፈሩን አይቻለሁ። ደንቆሮ ከደንበኛ ጋር ምን ልታወራ ነው ብሎ ነበር። አንቺ ለኔ የሚጠቅመኝን እየመረጥሽ ነበር። እሱም መረጠ። መምረጥ የሚችለው የሚሰማ ብቻ ነው?»

ልብስ ሰፊውን ያን ጊዜ በሩ ላይ ቆሜ ሰድቤው ነበር፣ ስድቡን ግን ለራሴ ነው ያስቀረሁት። ልጠብቃት ብዬ ነው ልላት እጄን አነሳሁ። ልጁም የሚለው ይህንኑ መሆኑን ሳስበው አወረድኩት። «አጥፍቻለሁ» አልኳት ብቻ።

ሰኞ ሥራ ገባች። ማሽኖቹ ተነስተው፣ ልጁ መፍቻውን ይዞ በመተላለፊያው ሲመጣ፣ መሃል መንገድ ላይ ቆማ ጠበቀችው። በሌላ ቦታ ቢሆን ሁለት ሰው በእጅ ሲጣላ የሚገባው የለም። እዚያ ግን ክፍሉ በሙሉ የእጅ ነገር ያውቃል፣ የማያውቁትንም ባለፈው ዓመት ከሷ ለቃቅመውታል። ሁሉም ዓይኑን ከክሩ አንስቶ አየ።

«ልጄን ለማን ሰጠህ?» አለችው።

«ልጎዳሽ አልፈለግኩም። ከተጋባን በኋላ እናቴን አሳምናታለሁ።»

«ካላመነችስ?»

«አሳምናታለሁ አልኩ እኮ።»

«ከዚህ በፊት ስንት ቃል አስቀርተሃል?»

መልሱን ሳትጠብቅ ዓይኗን ጨፈነች። የልጅ ልጄ ወሬ ሲበቃት እንዲህ ናት። ሰው ጆሮውን ቢደፍን ጩኸት ሰርጎ ይገባበታል። እሷ ዓይኗን ከጨፈነች ግን ማንም፣ በምንም፣ ሊደርስባት አይችልም። በዚያ ሳምንት በመጣ ቁጥር ጨፈነችበት።

አርብ ደሴ እኔ ዘንድ መጣ። ተቀመጥ አላልኩትም።

«እማማ፣ እርስዎ ይንገሩልኝ። እርስዎን ትሰማለች።»

«እኔንም አትሰማኝም። እኔም ሌባ ነኝ፣ አንተም ሌባ ነህ። ሌባ ለሌባ ሊመሰክር ነው?»

«ምን ሰረቅኩ?»

«ቃል! ስለሷ፣ በፊቷ፣ ከሰው አፍ የወጣ ቃል። ሽማግሌው ክፉ ነገር ተናገረ፣ በድፍረት ነው፣ ጮኾ ነው። ብትሰማው መልስ ነበራት። መልሷን ነው የሰረቅኸው።»

አንገቱን ደፋ። ሊያለቅስ ነው መሰለኝ። አላዘንኩለትም። አሁንም ሳስበው አላዝንለትም። እሷ የምትሄድበትን ዓለም ሁሉ በሱ እጅ ልታይ ነበር። ይህን አምናው የሰጠችው ሰው፣ በመጀመሪያው አስቸጋሪ ዓረፍተ ነገር ላይ ደነገጠና ሸሸ።

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ያስቀረኸውን መልስ። ለኔ አይደለም፣ ብቻዋን ጥግ ይዘህም አይደለም። የሰሙት ሰዎች በሙሉ ባሉበት። ከዚያ በፊት ደግሞ ቢስቲማ ሂድና ለእናትህ ንገራት።»

ሄዶ ነገራት መሰለኝ፣ እናቱ በቀጣዩ ሳምንት ራሷ መጣች። ከኔ ትንሽ የምታንስ፣ ጠንካራ ሴት ናት። ከመኪና ወርዳ አቧራዋን ሳታራግፍ ጀመረች።

«እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት ብዬ ነው የመጣሁት። ልጄን እህል አስጠሉት።»

«እኔ አላስጠላሁትም። ሕሊናው ነው።»

«እኔ ክፉ አሰብኩ? ሕፃን ሌት ቢያለቅስ፣ ትን ቢለው፣ ማን ይሰማዋል?»

«ልጅሽ ጆሮ የለውም?»

እንዲህ ያለ ነገር በሐሳቧ መጥቶ አያውቅም፣ ፊቷ ላይ አየሁት።

«ወንድ ልጅ ለሕፃን ለቅሶ ይነሳል እንዴ?» አለች።

«ማሽን ሲያለቅስ ይነሳ የለ! አለቃው ሲጣራ እየሮጠ ይሄድ የለ! ለገዛ ልጁ ሲሆን ነው ጆሮው የሚጠፋው?»

«አንቺ ሴትዮ…» አለች፣ እርስዎነቴ እዚያ ላይ ቀረ። «አንቺ ሴትዮ፣ ያንቺ ልጅ ጎዶሎ መሆኗን አትርሺ። ልጄ ነው የወሰዳት።»

«ገና አልወሰዳትም» አልኳት፣ በሩንም ከፈትኩላት።

ለልጅ ልጄ ይህን ሁሉ ማታ ነገርኳት፣ «ጎዶሎ» የሚለውንም ጨምሬ። ጣቴ ቃሉ ላይ ሲደርስ ከበደኝ። አልዘለልኩትም። እሷ አሰበችና፣ «ኒካሁ በቀኑ ይሁን። መልሴን እዚያ እሰጣለሁ» አለችኝ። ወዳው እንደሆነ ጠየቅኳት። «መውደዱን እወደዋለሁ። ማመኑን ግን ገና አላወቅኩም» አለች።

ኒካሁ እኔ ቤት ነበር። ወንዶቹ ሳሎን ተቀመጡ፣ የልጁ እናት ከሴቶቹ ጋር፣ የልጅ ልጄ ጓዳ። ሸሁ፣ እንደ ደንቡ ሁለት ምስክር ሄዶ ልጅቱን ፈቃዷን ይጠይቅ አሉ። ታላቁ ልጄ ቶሎ ብሎ፣ «ሸኽ፣ ምን አደከማቸው? አትሰማም። እኔ እመልስላታለሁ። ሴት ልጅ ዝም ካለች ፈቃዷ ነው አይደል?» አለ።

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ወንድ መሃል ገባሁ።

«ዝም ያለችው ማን ጠይቋት ነው?» አልኩ። «ያልተጠየቀ ሰው ዝም ማለቱ ፈቃድ ከሆነ፣ ይሄ ምሰሶም አግብቷል!»

«እማ፣ በአላህ!» አለ ልጄ።

«በአላህ! እኔም በአላህ ነው የምለው። ሸኽ፣ እርስዎ ይፍረዱ። ኪታብ ያነበቡት እርስዎ ነዎት።»

ሸሁ ጢማቸውን ያዙ፣ ትንሽም ፈገግ ያሉ መሰለኝ። «አፏ የማይናገር ሰው በምልክቷ፣ ካልሆነም በጽሑፏ ትጠየቃለች። መልሷ መልስ ነው» አሉ። «ትምጣ። ማን ነው የሚተረጉምላት?»

ልጁ ሊነሳ ሲል የልጅ ልጄ ገባች፣ መምህርቷን አስከትላ። ያቺን ድሮ ልታባርረኝ የነበረችውን መምህር። የልጅ ልጄ ናት ሳትነግረኝ የጠራቻት። መምህርቷ መሃል ቆማ፣ «የተባለውን ሁሉ እነግራታለሁ፣ ያለችውንም ሁሉ እነግራችኋለሁ። ብታስሉም እነግራታለሁ» አለች። ሰው ሳቀ።

የልጅ ልጄ የመጀመሪያ ጥያቄ ለትልቁ ሽማግሌ ነበር። መምህርቷ በድምፅ አወጣችው፦ «አባቴ፣ ባለፈው ያሉትን አሁን በፊቴ ይድገሙልኝ።»

ሽማግሌው ተቁነጠነጠ። «ምን ነበር… እንዲያው ለደህንነቱ…» አለ። መምህርቷ «ምን ነበር… እንዲያው» የሚለውን ሳይቀር በእጇ አደረሰችው። ያን ቀን ከፍ ብሎ የወጣው ዓረፍተ ነገር፣ ባለጉዳይዋ ፊት ሲሆን እየተንተባተበና እያነሰ ወጣ። ግን ወጣ። እኔ ሽማግሌውን አላየሁም፣ ልጁን ነው ያየሁት። ወለሉን ያያል።

እሷ እስኪጨርስ ጠበቀች። ከዚያ እጇ ተነሳ። መምህርቷ ትናገራለች፦

«ልጄን የማሳድገው እኔ ነኝ። ሲያለቅስ አባቱ ይሰማል፣ እኔን ይቀሰቅሰኛል። አባቱ ሥራ ላይ ሲሆን ሕፃኑ ከሰውነቴ አይለይም። እንዴት እንደማደርገው ልጅ ያሳደጉ እንደኔ ያሉ ሴቶችን ጠይቄያለሁ። የአማቴን እርዳታ እፈልጋለሁ፣ መጥታ ትርዳኝ። ልጄን ግን ማንም አይወስድም። ይህ ይጻፍ። አንጽፍም ካላችሁ፣ ሰርቪሴ ነገ ጠዋትም ይመጣል፣ ሥራዬን እሄዳለሁ።»

ሸሁ ወደ ልጁ ዞሩ። «አንተስ?»

ልጁ ተነሳ። በአፉም በእጁም እኩል ነው የተናገረው። «ያን ቀን አልነገርኳትም። ሽማግሌው ያሉትን አስቀርቼባታለሁ። እናንተም ፈቅዳለች ብላችሁ ሄዳችሁ፣ አልፈቀደችም። ይጻፍ። የሚሰማው ጆሮ የኔ ነው፣ የምነሳው እኔ ነኝ።»

ከሴቶቹ በኩል እናቱ «ወይ ጉድ!» አለች። መምህርቷ እሱንም አደረሰችው።

ተጻፈ። ታላቁ ልጄ ፊቱን አጥቁሮ ፈረመ፣ እስከ ረመዳን ድረስም ቤቴ አልረገጠም። ይቅርበት። ሸሁ «ትወጂዋለሽ? ፈቅደሻል?» ብለው በዝግታ፣ አፋቸውን ወደሷ አቅንተው ጠየቋት። መምህርቷን ሳታይ «አዎ» ብላ ራሷን ነቀነቀች። በዚህኛው ግን የምትነቀንቀው ምን ላይ እንደሆነ ታውቃለች።

ከሳምንት በኋላ ለመልስ ቤቴ መጡ። ምግቡ ቀርቦ ሁሉም ይበላል። እናቱ አጠገቧ ወዳለችው ሴት ጠጋ ብላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር አለች። የልጅ ልጄ ከንፈሯን አየች፣ ግማሹ ሳይያዝላት ቀረ መሰለኝ፣ ወደ ባሏ ዞረች። ማዕዱ ላይ ያለው ሁሉ የሱን እጅ ያያል።

ጆሮው ቀላ። ጉርሻውን አስቀመጠ፣ ጣቱን ጠራረገ፣ ከዚያም ነገራት። «እናቴ እንዲህ አለች፦ የእጇ ሂና እንኳ ሳይለቅ ልጄን አሽከር አደረገችው፣ አያቷን ወጥታለች።»

«እሱንም ትነግራታለህ እንዴ!» ብላ ጮኸች እናቱ።

«‹እሱንም ትነግራታለህ እንዴ› አለች» አለ በእጁ።

የልጅ ልጄ እጇ ተነሳ፣ እሱ አንብቦ ለእናቱ በድምፅ አደረሰ፦ «‹አያቴን መውጣቴ እውነት ነው፣ ይልመዱት። አሽከር የሚለውን ግን አልወደድኩትም› ትልሻለች።»

ሰው ሳቀ። እናቱ አልሳቀችም፣ ግን መልሳ ስትናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደሷ ዞራ ነው የተናገረችው። እኔም አልሳቅኩም። እኔ የልጁን እጅ ነበር የምቆጥረው፣ ቃል በቃል፣ ከእናቱ አፍ ጋር። አንድም አላስቀረም። ቢሆንም ገና አላመንኩትም፣ እሱም ያውቃል። ቤቴ በመጣ ቁጥር ፊት ለፊቱ ነው የምቀመጠው።